በደባርቅና በዳባት የአብነት ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የዜማ፣ የእጅ ሥራና የሰውነት እንቅስቃሴ ትምህርት ለመደበኛው ትምህርት ቤት ያለው ጠቀሜታ

1. መግቢያ

ሙዚቃ፣ ሥዕልና ሰውነት ማጎልመሻ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ስማቸው ሠፍሮ ይገኛል። ይሁን እንጂ በሰሌዳ ላይ መጻፍና በክፍል ውስጥ መሰጠት አንድ አይደሉም። ፈተና ሲቃረብ፣ መምህር ሲጓደል ወይም የሒሳብ ትምህርት ወደ ኋላ ሲቀር በቅድሚያ የሚሠዋው ከሦስቱ የአንዱ ክፍለ ጊዜ ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ፣ የሙዚቃ መሣሪያ የለም፣ ቀለምና ወረቀት የለም፣ ኳስ የለም፣ በሙያው የሠለጠነ መምህርም የለም የሚል ነው።

ይህ መልስ ከእውነት የራቀ አይደለም። ሆኖም በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች ከመደበኛው ትምህርት ቤት ብዙ ሳይርቅ ሌላ ትምህርት ቤት ይገኛል። ይኸውም በቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ወይም በአጠገቡ በተሠሩ ጎጆዎች የሚካሄደው የአብነት ትምህርት ቤት ነው። ይህ ትምህርት ቤት ኳስም ሆነ ፒያኖ ኖሮት አያውቅም። ነገር ግን ተማሪውን በድምፁ፣ በእጁና በመላ አካሉ እያሠራ ለብዙ ዘመናት ሲያስተምር ኖሯል። በአካባቢው ከሚገኙት ልጆች በርካታዎቹም ወደ አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት ወይም ከገቡ በኋላ ከየኔታ ፊት ተቀምጠው ፊደል ቆጥረዋል፤ በዜማ አንብበዋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስት ጥያቄዎችን መመርመር ነው። አንደኛ፣ በአብነት ትምህርት ቤት ዜማ፣ የእጅ ሥራና የሰውነት እንቅስቃሴ የሚሰጡት እንዴት ነው? ሁለተኛ፣ ከዚህ የማስተማር ዘዴ ለማንኛውም ልጅ ሊጠቅም የሚችለው የትኛው ነው? ሦስተኛ፣ ሊወሰድ የማይገባው የትኛው ነው? ጽሑፉ የሚመለከተው የማስተማር ዘዴን እንጂ የሃይማኖት ትምህርትን ይዘት አይደለም።

2. አካባቢውና የአብነት ትምህርት

ዳባት ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን 75 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ደባርቅ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይገኛሉ። ሁለቱም ደጋ ናቸው፤ ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከደባርቅ በስተምሥራቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይዘረጋል፤ በስተሰሜን ደግሞ መንገዱ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ቆላው ይወርዳል።

አካባቢው ከዜማ ታሪክ ጋር ያለው ዝምድና ጥንታዊ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የተነሣው ቅዱስ ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው በሰሜን ተራሮች ነው፤ መታሰቢያውም ግንቦት 11 ቀን ይከበራል። ስለ ልጅነቱ የሚነገረው ታሪክ ለመምህራን ልዩ ትርጉም አለው። ያሬድ ትምህርት የማይገባው ልጅ ነበር፤ መምህሩ ሲቀጣውም ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ተቀመጠ። በዚያም አንድ ትል ዛፉን ለመውጣት ደጋግማ ስትሞክር፣ ደጋግማም ስትወድቅ፣ በመጨረሻም ስትወጣ ተመልክቶ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። የኢትዮጵያ ዜማ አባት የሚባለው ሊቅ በትውፊቱ የሚታወሰው በመጀመሪያ ትምህርት እንዳቃተው ተማሪ ሆኖ ነው።

ከጎንደር ዘመን ወዲህ ደግሞ የጎንደር ከተማ በተለይ ለአቋቋም ትምህርት ዋና ማዕከል ሆነች። በዚህ ረገድ የጎንደር በአታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ስም የታወቀ ነው። የደባርቅና የዳባት ተማሪ ፊደልና ንባብ በመንደሩ ከተማረ በኋላ ዜማን፣ አቋቋምን ወይም ቅኔን ለመቀጠል ወደ ሌላ አገር ይሻገራል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዕለት ዕለት በልመና ከሚያገኘው እህል እየተመገበ የሚማረው የቆሎ ተማሪ የሚባለው ይህ ነው።

የትምህርቱ ደረጃዎች በአጠቃላይ ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤትና መጽሐፍ ቤት በመባል ይታወቃሉ። የቅዳሴና የአቋቋም ትምህርትም የየራሳቸው ጉባኤ አላቸው። በእነዚህ ሁሉ ሙዚቃ፣ ሥዕል ወይም ሰውነት ማጎልመሻ የሚባል የተለየ የትምህርት ዓይነት የለም፤ በሥራ ግን ድምፅ፣ እጅና አካል በየደረጃው እየሠለጠኑ ይሄዳሉ።

3. የድምፅ ትምህርት

የድምፅ ትምህርት የሚጀምረው ከዜማ ቤት ሳይሆን ከንባብ ቤት ነው። ሕፃኑ ፊደልን የሚቆጥረው በዜማ ነው። ከዚያም አንዱን ጽሑፍ በግዕዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እየደጋገመ ያነባል። እያንዳንዱን ቃል በተነሽ፣ በወዳቂ፣ በተጣይ ወይም በሰያፍ ንባብ ለይቶ ማሰማት ይጠበቅበታል። ስለዚህ ልጁ ገና ሰባትና ስምንት ዓመት ሳይሞላው ድምፁን ከፍና ዝቅ ማድረግን፣ ማሳጠርንና ማስረዘምን ለምዷል።

በዜማ ቤት ተማሪው ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍንና ድጓን ይማራል። ዜማዎቹ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉ ሦስት ስልቶች የተመደቡ ናቸው። በጽሑፉ ላይ በትንንሹ የሚጻፉት የዜማ ምልክቶች በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540–1559 እ.ኤ.አ.) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጁ ይነገራል። ምልክቶቹ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት ሲሆኑ ድርስና አንብር የተባሉት ይጨመሩባቸዋል። አብዛኞቹ ስሞች ድምፁ የሚሠራውን ሥራ የሚናገሩ ናቸው። ቁርጥ ድምፅን መቁረጥ፣ ይዘት መያዝ፣ ድፋት ወደ ታች መድፋት፣ ርክርክ ማርከፍከፍን ያስታውሳል። ምልክቱን የተመለከተ ተማሪ የድምፁን መንገድ በዓይኑ ያያል።

ከማስተማር ዘዴ አንጻር በዜማ ቤት ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ።

ሀ) ጆሮ ከዓይን ይቀድማል። መምህሩ ያዜማል፤ ተማሪው ተቀብሎ ይመልሳል። ምልክቱ የሚያገለግለው የተሰማውን ለማስታወስ ነው። የቃል ትምህርት በሌሊት በጨለማ የሚሰጥ በመሆኑም ተማሪው በመጽሐፍ ላይ ሊደገፍ አይችልም።

ለ) ያልተጠናቀቀ ትምህርት ላይ ሌላ አይጨመርም። ተማሪው የተሰጠውን በትክክል ሳያሰማ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። አንዱ ተማሪ በአንድ ወር የሚያልፈውን ሌላው በሦስት ወር ቢያልፍ እንደ ነውር አይቆጠርም፤ ሁሉም በየራሱ እርምጃ ይሄዳል።

ሐ) የቀደመው የኋለኛውን ያስተምራል። መምህሩ ሁሉንም ተማሪ ቀኑን ሙሉ ሊያዳምጥ ስለማይችል የበሰሉት ተማሪዎች ጀማሪዎቹን ይዘው ያስቀጽላሉ። ይህም ለሚያስተምረው ተማሪ ራሱ የክለሳ ጊዜ ይሆንለታል።

እነዚህ ሦስቱ ለመደበኛው ትምህርት ቤት እንግዳ ነገሮች አይደሉም። በትምህርት ሙያ መጻሕፍት ውስጥ በሌላ ስም ይገኛሉ። በሃንጋሪ ዞልታን ኮዳይ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስፋፋው የሙዚቃ ትምህርት ዋና ሐሳብ፣ ልጅ ከማናቸውም መሣሪያ በፊት በገዛ ድምፁና በአገሩ ዜማ መማር አለበት የሚል ነበር። የሙዚቃ መሣሪያ ስለሌለ ሙዚቃ ማስተማር አይቻልም ለሚለው ምክንያት መልሱ በዚህ ውስጥ አለ።

4. አቋቋም፤ ምት በሰውነት ሲለካ

አቋቋም ዜማን ከአካል እንቅስቃሴና ከመሣሪያ ጋር የሚያዋሕድ ትምህርት ነው። መሣሪያዎቹ መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ ናቸው። ትምህርቱ በደረጃ ይሄዳል። በመጀመሪያ ያለ እንቅስቃሴ የሚባለው ቁም ዜማ አለ። ቀጥሎ በዝማሜ ተማሪው መቋሚያውን ይዞ አካሉን ከዜማው ጋር ያወዛውዛል፤ በመቋሚያውም ምቱን ይጠብቃል። ከዚያም በመረግድና በጽፋት ከበሮ፣ ጸናጽልና ጭብጨባ ይገባሉ። ወረብ ሲደርስ ሊቃውንቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው እየተቀባበሉ፣ በአንድ ምት ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተራመዱ ያቀርቡታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ በሠፈረው የጥምቀት በዓል ሕዝቡ በአደባባይ የሚያየው ይህንኑ ነው።

አቋቋም አንድ ወጥ ብቻ አይደለም። ተክሌ የሚባለው ስልት የተገኘው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኖሩት ከአለቃ ገብረ ሐና ነው። አለቃ ገብረ ሐና በጣና ሐይቅ ዳር ሸምበቆ በነፋስ ሲወዛወዝ አይተው እንቅስቃሴውን እንደቀረጹት ይነገራል። ስልቱ የተጠራውም በልጃቸው በተክሌ ስም ሲሆን በተለይ በደብረ ታቦር ጸንቶ ቆይቷል። ስለዚህ አቋቋም እንቅስቃሴን ከተፈጥሮ አይቶ መፍጠርንም የሚያውቅ ትምህርት ነው።

በመምህራን ዘንድ ሊጤን የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው፤ በመጀመሪያ ድምፅ፣ ቀጥሎ አካል፣ በመጨረሻ መሣሪያ። በስዊዘርላንድ ኤሚል ዣክ ዳልክሮዝ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ተማሪዎቹ ኖታ እያነበቡ ምቱን ግን እንደማይጠብቁ ተመልክቶ፣ ምት በመጀመሪያ በእርምጃና በክንድ እንቅስቃሴ መለመድ አለበት ብሎ አስተማረ። በጀርመን ካርል ኦርፍም ንግግርን፣ ጭብጨባን፣ ውዝዋዜንና የምት መሣሪያን አጣምሮ ለልጆች አቀረበ። እነዚህ ዘዴዎች ዛሬ በብዙ አገሮች የመምህራን ማሠልጠኛዎች ይሰጣሉ። የአቋቋም ቤት ዓላማው ከእነርሱ የተለየ ቢሆንም፣ ምትን በአካል የማስተማሩ ሥራ ከእነርሱ በፊት የነበረ ነው። በሙዚቃና በሰውነት ማጎልመሻ መካከል ያለው አጥርም በአቋቋም ቤት አይታወቅም።

5. የእጅ ሥራና ሥዕል

በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚሰጠው የእጅ ሥራ ትምህርት እንደ ዜማ ሰፊ ጉባኤ የለውም፤ ባለሙያ አጠገብ ተቀምጦ በመሥራት የሚለመድ ነው። ዋናዎቹ ብራና መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ቁም ጽሕፈት፣ ሐረግ መጣልና ሥዕል መሣል ናቸው።

ብራና የሚዘጋጀው አብዛኛውን ጊዜ ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ነው። ቆዳው ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይደርቃል፣ ይለሰልሳል። ከዚያም ጸሐፊው በወስፌ ዳርና ዳሩን እየወጋ መስመሩን ያሠምራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ጋር ሌሎች ነገሮች ተጨምረውበት ተበጥብጦ ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ ይደረጋል፤ ቀዩ ለአርእስትና ለቅዱሳን ስም ይውላል። ብርዑ ከመቃ ወይም ከሸምበቆ ተቀርጾ ይሠራል። በዚህ ሁኔታ ተማሪው አንድ ፊደል ከመጻፉ በፊት ስለ ቆዳ፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ልኬትና ስለ ትዕግሥት ብዙ ተምሯል።

ሐረግ በመጽሐፍ ምዕራፍ መግቢያ ላይ የሚጣል እርስ በርሱ የተጠላለፈ ጌጥ ነው። ሐረግ ለመጣል ቦታን በእኩል መክፈልን፣ ግራና ቀኝን ማመጣጠንንና አንድን ቅርጽ ሳያዛቡ መደጋገምን ይጠይቃል። እነዚህ የሥዕልም የሒሳብም ችሎታዎች ናቸው።

የግድግዳ ሥዕሉ ደግሞ የራሱ ቋንቋ አለው። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ በተርታ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች ያየ ልጅ ድግግሞሽ በሥዕል ውስጥ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ይረዳል። በዚህ የሥዕል ልማድ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ሲሣሉ ክፉዎች በአንድ ዓይን፣ በጎን በኩል ይሣላሉ። ይህም ሥዕል ሐሳብን በምልክት የሚያስተላልፍ መሆኑን ለማስረዳት ቀላልና ግልጽ ምሳሌ ነው።

በአካባቢው ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለው የእጅ ሥራም ሊዘነጋ አይገባም። እናቶች የሚሠሩት የመሶብና የሙዳይ ስፌት፣ ሽመናና ሸክላ ሥራ በቀለም ምርጫና በቅርጽ አመዳደብ ከሐረግ የሚያንሱ አይደሉም። በሰሜንና በወገራ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወደ እስራኤል እስከሄዱ ድረስ በሸክላና በብረት ሥራ የታወቁ ነበሩ። የአካባቢው ጥበብ የአንድ ወገን ብቻ ሀብት እንዳልሆነ ይህ ታሪክ ያስረዳል።

6. የሰውነት ማጎልመሻ ጉዳይ

በዚህ ረገድ የአብነት ትምህርት ቤት ጥንካሬም ጉድለትም አለበት። ጥንካሬው በአቋቋም የሚገኘው ሥልጠና ነው። ለረጅም ሰዓት ቀጥ ብሎ መቆም፣ ትንፋሽን ከዜማ ጋር ማመጣጠን፣ ሚዛን ጠብቆ መራመድና ከብዙ ሰዎች ጋር በአንድ ምት መንቀሳቀስ ለሰውነትም ለአእምሮም የሚጠቅሙ ልምምዶች ናቸው። ጉድለቱ ደግሞ ለሕፃናት ጨዋታ የተመደበ ጊዜ አለመኖሩ ነው። ጀማሪው ልጅ አብዛኛውን ቀን ተቀምጦ ያነባል። የቆሎ ተማሪው በበኩሉ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እህል ፍለጋ ብዙ መንገድ ይጓዛል፤ ይህ ሁሉ ግን ድካም እንጂ የታቀደ የሰውነት ማጎልመሻ አይደለም። በምግብ እጥረትና በብርድ ላይ ሲጨመርም ጤናን ይጎዳል።

ጨዋታ ግን በሕዝቡ ልማድ ውስጥ አለ። በገና ሰሞን ወጣቶች በሁለት ወገን ተከፍለው በዱላ ሩር የሚመቱበት የገና ጨዋታ፣ ትግል፣ የገመድ ዝላይና ሰኞ ማክሰኞ ያለ ወጪ ሊካሄዱ የሚችሉ ናቸው። ሩሩ ከእንጨት ወይም ከጠፍር ሊሠራ ይችላል። ለትምህርት ቤት ሲሆን ዱላው አጭርና ቀላል፣ ሜዳው የተወሰነ፣ ደንቡም በመምህሩ ተጽፎ የተነበበ መሆን ይኖርበታል።

የአካባቢው ከፍታም ሊታሰብበት ይገባል። በደባርቅ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ከአንድ አራተኛ በላይ ያነሰ ነው። እዚያው ተወልደው ያደጉ ልጆች ይህን የለመዱት ቢሆንም፣ ከቆላው የመጡ ተማሪዎችና አዲስ የተመደቡ መምህራን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ሊደክሙ ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ተማሪ ሰነፍ ብሎ መፈረጅ ስሕተት ነው። ጧት ብርዱ በሚበረታበት ጊዜም ሰውነትን ሳያሟሙቁ ወደ ሩጫ መግባት ለጉዳት ያጋልጣል።

ከዚህም በላይ የአካባቢው ልጆች ያሳለፉት ከባድ ጊዜ አለ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ጦርነቱ ወደ ዳባት ወረዳ ዘልቆ በጭና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል፤ ከአዲ አርቃይና ከሌሎች ሥፍራዎች የተፈናቀሉ ቤተሰቦችም በደባርቅ ተጠልለው ነበር። ሐዘንና ፍርሃት ያየ ልጅ የደረሰበትን በቃል መናገር ይከብደዋል። ከጓደኞቹ ጋር አብሮ ሲዘምር፣ ሲጫወትና ሲሥል ግን በውስጡ ያለው በመጠኑም ቢሆን መውጫ ያገኛል፤ ከሌሎች ጋር የመሆን እምነቱም ቀስ በቀስ ይመለሳል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አካባቢ የእነዚህን ትምህርቶች ክፍለ ጊዜ ለሌላ ትምህርት ማዋል የልጁን ማገገሚያ መውሰድ ነው።

7. ሊወሰድ የማይገባው

የአብነት ትምህርት ቤት ዘዴ ለመደበኛው ትምህርት ቤት ይጠቅማል ሲባል እንዳለ ይገልበጥ ማለት አይደለም። በአራት ነገሮች ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

አንደኛ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ደንግጓል። በደባርቅና በዳባት ክፍሎች ውስጥ የሙስሊም ቤተሰብ ልጆችም ይማራሉ። ስለሆነም መምህሩ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር በክፍል ውስጥ ማዘመር አይገባውም፤ ጸናጽልና መቋሚያም ለአምልኮ የተለዩ ዕቃዎች እንደመሆናቸው የክፍል መጫወቻ ሊሆኑ አይገባም። ይህን መጠበቅ ሙስሊሙን ልጅም የቤተ ክርስቲያኑንም ክብር ይጠብቃል። የሚወሰደው ቅደም ተከተሉና የማስተማር ዘዴው ነው።

ሁለተኛ፣ አቋቋም በልማዱ የወንዶች ትምህርት ነው። በመደበኛው ትምህርት ቤት ሴት ተማሪዎች በዘፈኑም፣ በከበሮውም፣ በሜዳውም ላይ እኩል ተሳታፊዎች ናቸው። ሴቶች ልጆች በእንቁጣጣሽ የሚዘፍኑት፣ በሠርግ የሚመቱት ከበሮና የሚያወርዱት እስክስታ ለሙዚቃ ትምህርት የተዘጋጀ ሀብት ነው።

ሦስተኛ፣ በቀድሞው ልማድ ከትምህርት ጋር የተያያዘው አለንጋ ቦታ የለውም። የያሬድ ታሪክም ቢሆን ልጁን የመለሰው የትሏ ጽናት እንጂ ቅጣት እንዳልሆነ ይናገራል።

አራተኛ፣ የዜማ ቤት ትምህርት የተረከቡትን በትክክል ጠብቆ ማቆየትን ያስቀድማል። ይህ ለቅርስ ጥበቃ አስፈላጊ ነው፤ ለሕፃን ፈጠራ ግን ብቻውን አይበቃም። በዚህ ረገድ ምሳሌ የሚሆነው ቅኔ ቤት ነው፤ የቅኔ ተማሪ በየዕለቱ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባልና። በሥዕልና በሙዚቃ ክፍለ ጊዜም ልጁ ከመምህሩ ከተቀበለው በኋላ የራሱን እንዲጨምር ዕድል ሊሰጠው ይገባል።

8. በክፍል ውስጥ እንዴት ይሠራበታል?

ከዚህ በታች የተመለከቱት ሦስት ትምህርቶች እያንዳንዳቸው በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ ምንም ዕቃ ሳይገዛ ሊሰጡ የሚችሉ ናቸው።

ሀ) የዜማ ምልክት (ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል)። መምህሩ ሁሉም ልጆች የሚያውቁትን አጭር የአካባቢ ዘፈን ያሰማል፤ ተማሪዎቹ እየተቀበሉ ይደግማሉ። ቀጥሎ በእጃቸው ድምፁ ሲወጣና ሲወርድ በአየር ላይ ይከተላሉ። ከዚያም በቡድን ሆነው ለሚወጣው፣ ለሚወርደው፣ ለሚያዘውና ለሚቆረጠው ድምፅ የየራሳቸውን ምልክት ፈጥረው ከግጥሙ በላይ ይጽፋሉ። በመጨረሻ አንዱ ቡድን የሌላውን ጽሑፍ ተቀብሎ ለማዜም ይሞክራል። ለማዜም ካቃታቸው ምልክቱ ግልጽ ስላልሆነ ነው፤ ያርሙታል።

ለ) ምት በእግር (ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል)። ልጆች በሜዳ ላይ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። በመጀመሪያ ያለ እንቅስቃሴ ይዘፍናሉ። ቀጥሎ በቦታቸው ሆነው ይወዛወዛሉ፤ ከዚያ ያጨበጭባሉ፤ ከዚያም በምቱ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። በመጨረሻ አንዱ ረድፍ ሲዘፍን ሌላው ምቱን ብቻ ይጠብቃል። ምቱን ያልያዘ ልጅ ከያዘው አጠገብ ይቆማል እንጂ ከረድፉ አይወጣም። ይህ ትምህርት ለሙዚቃም ለሰውነት ማጎልመሻም ይቆጠራል።

ሐ) የመሬት ቀለምና ሐረግ (ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል)። ተማሪዎች ከሰል፣ አመድ፣ ቀይና ነጭ አፈር አምጥተው በውኃ ይበጠብጣሉ። ከአሮጌ ካርቶን ላይ አራት ማዕዘን ለክተው በእኩል ይከፋፍላሉ። አንዱን ክፍል ከሐረግ ወይም ከመሶብ ስፌት ባዩት ሐሳብ ተነሥተው በራሳቸው ቅርጽ ይሞላሉ፤ ያንኑ በሌሎቹ ክፍሎች እያገላበጡ ይደግሙታል። መምህሩ ከሒሳብ መምህሩ ጋር ተስማምቶ በምጥጥን ትምህርት ሰሞን ቢሰጠው ጥቅሙ እጥፍ ይሆናል።

በሦስቱም ትምህርቶች የምዘናው መንገድ ከዜማ ቤት ሊወሰድ ይችላል። መምህሩ ተማሪውን ከክፍሉ አንደኛ ጋር ከማወዳደር ይልቅ፣ ባለፈው ወር ይችል ከነበረው ጋር ያወዳድራል፤ የቻለውን መዝግቦ ወደሚቀጥለው ያሻግረዋል። ከ50 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ደግሞ የበሰሉት ተማሪዎች በየቡድኑ ጀማሪዎቹን እንዲያስቀጽሉ ማድረግ ይቻላል። ወደ ትምህርት ቤት ሲገባ የሠለጠነ ጆሮ ወይም ፊደል በማሳመር የታወቀ እጅ ይዞ የመጣው ልጅ ሥራ የሚያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። አለበለዚያ ይህ ልጅ በሌላ ትምህርት ደካማ ከሆነ በጠቅላላው ደካማ ተብሎ ይቀራል።

9. ማጠቃለያ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከተግባራዊነቱ ጀምሮ በአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሎች ሥነ ጥበባትና ሰውነት ማጎልመሻ ተቀናጅተው ሲሰጡ ቆይተዋል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተዘጋጀው አዲሱ የአጠቃላይ ትምህርት ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ የክወናና የእይታ ጥበባት እንዲሁም ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ በሚል ስም ተለይተው ቦታ አግኝተዋል። የሥርዓተ ትምህርቱ ሰነድ አገር በቀል ዕውቀትን ማካተትንም ያበረታታል። የቀረው ሰነዱን በክፍል ውስጥ ሕይወት እንዲኖረው ማድረግ ነው።

ለዚህም የዞንና የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች፣ ዕቅድ አውጪዎችና የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የሚከተሉትን ቢፈጽሙ መልካም ነው።

1. የሱፐርቪዥን ቅጽ የሦስቱ ትምህርቶች ክፍለ ጊዜ በእርግጥ መሰጠቱን የሚያረጋግጥ ዐምድ እንዲኖረው ማድረግ፤ ለሌላ ትምህርት የተወሰደ ክፍለ ጊዜም እንደማንኛውም ትምህርት ተካክሶ እንዲሰጥ ማዘዝ።

2. በየጉድኝት ማዕከሉ የአካባቢውን ዘፈኖች፣ ጨዋታዎችና የእጅ ሥራዎች መምህራን ራሳቸው ሰብስበው እንዲመዘግቡ ማድረግ። ምዝገባው ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም፣ ወንዱንም ሴቱንም የሚያጠቃልል መሆን አለበት።

3. በማሠልጠኛ ኮሌጆች ዕጩ መምህራን አንድ ቀን በአብነት ትምህርት ቤት ተገኝተው፣ በመምህሩ ፈቃድ፣ የማስተማሩን ሥርዓት እንዲመለከቱና ስለ ዘዴው ሪፖርት እንዲጽፉ ማድረግ።

4. አልባሌ ተብሎ የተተወ የመሬት ክፍል ቢኖር ለጨዋታ ሜዳነት ማስከበር። ሜዳ የሌለው ትምህርት ቤት በኳስ እጥረት ሊያመካኝ አይችልም።

የአብነት ትምህርት ቤቱ በበኩሉ ከመደበኛው ትምህርት ቤት የሚወስደው ነገር አለ፤ የጨዋታ ሰዓት፣ የንጽሕናና የጤና ትምህርት፣ ያለ አለንጋ ማስተማር። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች የሚገናኙት በአንድ ልጅ ላይ ነው። ጧት ከየኔታ ዘንድ ሲያዜም የዋለ ልጅ ከሰዓት በኋላ በክፍል ውስጥ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ብቻ ከተደረገ፣ ያለውን ችሎታ መምህሩ ሳያውቀው ይቀራል። በመሆኑም በደባርቅና በዳባት የሚሠራ መምህር ስለ ጎደለው መሣሪያ ከመጻፉ በፊት፣ በፊቱ የተቀመጡት ልጆች በድምፃቸው፣ በእጃቸውና በእግራቸው ምን ይዘው እንደመጡ መጠየቅ ይኖርበታል።